በቨርጂኒያ በበጎ አድራጎትና በሃይማኖት ተቋም ሥራ ከመያዛችሁ በፊት ቁጥሩን እንዲህ አንብቡት

በኦገስት 2024 አንዲት የማውቃት ልጅ ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ይዛ አሌክሳንድሪያ ቤቴ መጣች። አንደኛው እዚሁ አሌክሳንድሪያ ካለ የሙያ ማኅበር ነው። አባላት መመዝገብ፣ ኢሜይል መመለስ፣ ዓመታዊ ስብሰባ ማዘጋጀት። ሁለተኛው ከወንዙ ማዶ፣ ሜሪላንድ፣ ስደተኞችን ተቀብሎ ከሚያሰፍር ድርጅት ነው። በሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ አማርኛዋና ትግርኛዋም ሥራ ላይ ይውላል፣ ልቧም እዚያ ነበር። ቡናው ሳይፈላ «እዚያው ግቢ» አልኳት። ገባች። በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች ቅበላ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሲቆም ለሥራው የሚመጣው የፌዴራል ገንዘብም ቆመ። በፌብሩዋሪ የስንብት ደብዳቤ ደረሳት።

ድርጅቱን አልወቅስም፤ በመላ አገሪቱ ያሉ ብዙ መሰሎቹ ሠራተኛ ቀንሰዋል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ሃያ ደቂቃ ሰጥተን ብንቀመጥ ኖሮ የዚያ ድርጅት ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ማየት እንችል ነበር። ቁጥሩ ለማንም ክፍት ነው፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም። ውሳኔዋ ላይቀየር ይችል ነበር፤ ግን አውቃ ትገባ ነበር፣ ለክፉ ቀንም ትዘጋጅ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ሰው ሥራ ሲያማክረኝ የምሄድበትን መንገድ እዚህ አስቀምጣለሁ፦ መጀመሪያ በስቴቱ በዘርፉ ስንት ሥራ እንዳለ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ቀጥሎ የድርጅቱን የሒሳብ ሰነድ። ምሳሌዬ ቨርጂኒያ ናት፣ እኔ የምኖረው እዚህ ስለሆነ። ሚኒሶታም ሆናችሁ ዋሽንግተን ስቴት መንገዱ ያው ነው።

ቁጥሩ ማንን ነው የሚቆጥረው?

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ፣ በአጭሩ ቢኤልኤስ የሚባለው፣ በየስቴቱ ስንት ሥራ እንዳለ በየወሩ በዘርፍ በዘርፍ ከፍሎ ያወጣል። እኛ የምንፈልገው ዘርፍ ቁጥሩ 813 ነው። ስሙ ረጅም ነው፦ የሃይማኖት፣ የገንዘብ እርዳታ ሰጪ፣ የሲቪክ፣ የሙያና የመሳሰሉት ድርጅቶች። ይህን ስም የሰማ ሰው «ለትርፍ ያልተቋቋመው ሁሉ እዚህ አለ ማለት ነው» ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

813 ውስጥ ያሉት ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ምኩራብ፤ ገንዘብ ሰብስበው ለሌሎች የሚሰጡ ፋውንዴሽኖች፤ ለመብት፣ ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለእንስሳት የሚሟገቱ ድርጅቶች፤ የስካውት ማኅበራት፣ የወላጅና መምህር ኅብረት፣ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር፤ የሙያ ማኅበራት፣ የንግድ ምክር ቤቶች፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ናቸው። አንድ ማንም የማይጠብቀውም አለ፦ የኮንዶና የሰፈር ባለቤቶች ማኅበር፣ ኤችኦኤ የምንለው። ቤት የገዛችሁ በየወሩ የምትከፍሉለት ማኅበር የራሱ ሠራተኛ ካለው፣ ያ ሠራተኛ ከቄሱና ከፋውንዴሽኑ ሒሳብ ሠራተኛ ጋር አንድ ላይ ይቆጠራል።

የሌሉት ግን ይበዛሉ። ሆስፒታል ለትርፍ ያልቆመ ቢሆንም በጤና ነው የሚቆጠረው። ዩኒቨርሲቲም፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም በትምህርት። የሕፃናት ማቆያ፣ የምግብ ባንክ፣ የስደተኛ ማስፈሪያ ድርጅት ደግሞ 624 በሚባለው በማኅበራዊ እርዳታ ዘርፍ ይገባሉ። ቢኤልኤስ የሚከፋፍላቸው በሚሠሩት ሥራ እንጂ በግብር ወረቀታቸው ስላልሆነ 501 ሲ 3፣ ማለትም ከግብር ነጻ የሆነ በጎ አድራጎት፣ መሆን አለመሆን እዚህ ለውጥ የለውም። ክፍተቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ እንዲገባችሁ፦ ቢሮው ራሱ 501 ሲ 3 የሆኑትን ለይቶ ሲቆጥር በ2022 በመላ አሜሪካ 12.8 ሚሊዮን ሥራ አግኝቷል፣ ከግሉ ዘርፍ ሥራ 9.9 በመቶው ማለት ነው። የዚህ አብዛኛው ጤናና ማኅበራዊ እርዳታ ነው፤ 813 ላይ አይታይም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ ይህ ነው፦ የተቀጠራችሁበት ወይም የምታመለክቱበት ድርጅት በየትኛው ዘርፍ እንደሚቆጠር ለዩ። የልጅቷ ሁለት ደብዳቤዎች ራሳቸው ከሁለት ዘርፍ ነበሩ። ማኅበሩ ከ813፣ ማስፈሪያ ድርጅቱ ከ624። 813ን ብቻ ከፍቶ ያየ ሰው በ2025 ማስፈሪያ ድርጅቶቹ ላይ የደረሰውን ከዚያ መስመር ላይ አያገኘውም።

መስመሩን መክፈት

ቀላሉ መንገድ ፍሬድ የሚባለው የሴንት ሉዊስ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ድረ ገጽ ነው። ነጻ ነው፣ አካውንት መክፈት አያስፈልግም፣ ስልክ ላይም ይሠራል። መፈለጊያው ላይ በእንግሊዝኛ «ሪሊጀስ ግራንትሜኪንግ ሲቪክ» ብላችሁ የስቴታችሁን ስም ጨምሩ። ግራፍ ይወጣላችኋል፤ የስቴቱ መስመር የምለው እሱን ነው። ጎን ላይ ያለው ቁጥር በሺህ ነው፤ 70.5 የሚል ካያችሁ 70 ሺህ 500 ሥራ ማለት ነው። በግራፉ ላይ ግራጫ ሆነው የተሰመሩት ቋሚ ሰቆች የኢኮኖሚ ድቀት የነበረባቸውን ወራት ያሳያሉ።

«ሥራ» ያልኩት በምክንያት ነው። ይህ ቆጠራ ሥራን እንጂ ሰውን አይቆጥርም። የወሩ 12ኛ ቀን በሚውልበት የደመወዝ ጊዜ ውስጥ ክፍያ ያገኘ ሁሉ ይቆጠራል፣ ፓርት ታይም ይሁን ፉል ታይም ልዩነት የለውም። ቀን ቀን ማኅበር ውስጥ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ሴት ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች። በሳምንት ስድስት ሰዓት የሚዘምር ተከፋይ መዘምርና አርባ ሰዓት የሚሠራ ሒሳብ ያዥ እኩል አንድ አንድ ናቸው። መስመሩ ወጣ ሲል «ጥሩ ሥራ በዛ» ብላችሁ እንዳትቸኩሉ።

ሌላው የሚቆጠረው ሥራው ያለበት ቦታ ነው እንጂ ሰውየው የሚኖርበት አይደለም። ለእኛ ለዲሲ አካባቢ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሌክሳንድሪያ ወይም ዉድብሪጅ የሚኖር፣ ጠዋት ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ የሚሠራ ሰው በዲሲ ቁጥር ውስጥ ነው። ዲሲ ደግሞ የማኅበራትና የተሟጋች ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤቶች ስለተከማቹባት ከሕዝቧ ጋር ሲነጻጸር ይህ ዘርፍ በጣም ትልቅ ነው። ስለዚህ የቨርጂኒያን ብቻ ሳይሆን የዲሲንና የሜሪላንድንም መስመር ከፍታችሁ ጎን ለጎን እዩ። ሥራ ፍለጋችሁ በስቴት ድንበር ካልቆመ ንባባችሁም መቆም የለበትም።

ቨርጂኒያ በራሷም ባዶ አይደለችም። አሌክሳንድሪያ ብቻ ስንት የማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት አለ! ዩናይትድ ዌይ ወርልድዋይድ እዚያ ነው፣ ካቶሊክ ቻሪቲስ ዩኤስኤም እዚያ ነው። አርሊንግተን ውስጥ ደግሞ በ1983 የእኛው ሰዎች የጀመሩት ኢትዮጵያን ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል አለ፤ ከማኅበረሰብ ድርጅትነት ተነሥቶ ከአገር አቀፍ የስደተኛ ማስፈሪያ ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ይህን የማነሣው «የማኅበር ሥራ ሥራ አይደለም» የሚሉ ወላጆች ስላሉን ነው። ሥራ ነው። ደመወዝ አለው፣ ጡረታ አለው፣ ሰው ያድግበታል።

ወርን ከወር አታወዳድሩ

የስቴት መስመሮች ብዙውን ጊዜ በወቅት ያልተስተካከሉ ናቸው። በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር የሚደጋገመው መውጣትና መውረድ እንዳለ ይታያል ማለት ነው። የኤችኦኤ መዋኛ ሲከፈት የዋና ጠባቂ ይቀጠራል፣ ሲዘጋ ይበተናል። ጁን ከሜይ ቢበልጥ ዜና አይደለም። ጁንን ከአምናው ጁን ጋር ነው ማየት ያለባችሁ። ፍሬድ ላይ ግራፉን ማስተካከያ ስትነኩ ከአሃዶቹ ውስጥ «ፐርሰንት ቼንጅ ፍሮም ዪር አጎ» የሚለውን ምረጡ። ከዜሮ በላይ ከሆነ ካለፈው ዓመት ጨምሯል፣ ከታች ከሆነ ቀንሷል። አለቀ፤ ኤክሰል አያስፈልግም።

ቨርጂኒያ አንድ የራሷ ጠባይ አላት። ገዥዋን የምትመርጠው በጎዶሎ ቁጥር ዓመት ነው፣ በ2021 መርጣለች፣ በ2025 መርጣለች። የፌዴራሉ ምርጫ ደግሞ በተጋማሽ ቁጥር ዓመት ይመጣል። ስለዚህ በየኖቬምበሩ ምርጫ አለ፣ በምርጫው ሰሞንም የፖለቲካ ድርጅቶች በር የሚያንኳኳና ስልክ የሚደውል ሰው ይቀጥራሉ። ሥራው ከምርጫው ጋር ያበቃል። ለጥቂት ወር ገቢ፣ ለሬዙሜና ለትውውቅ ጥሩ ነው፤ የቤት ኪራይ ውል ለመፈረም ግን አይሆንም።

ግራፉን ወደ ኋላ ሳቡትና ኤፕሪል 2020ን እዩ። መስመሩ እንደ ገደል ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፣ ስብሰባ ቀረ፣ የማኅበራት ዓመታዊ ጉባኤ ተሰረዘ። የብዙ ሙያ ማኅበር አንዱ ትልቅ ገቢ ጉባኤው ስለሆነ፣ ጉባኤ ከሌለ ደመወዝም ይጎድላል። የወደቀው በአንድ ወር ነው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ቀድሞ ወደነበረበት ለመመለስ ግን ዓመታት ፈጅቶበታል። እኔ የስቴቴን መስመር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከፌብሩዋሪ 2020 በላይ ነው በታች?» የሚለውን ነው። ከታች ከሆነ ዘርፉ ያጣውን ሁሉ ገና አልመለሰም። ያ ማለት ክፍት ቦታ የለም ማለት አይደለም፤ ለአንድ ቦታ የሚሻማው ሰው ሊበዛ ይችላል ማለት ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ወራት ደግሞ ብዙ አትመኑ። የዳሰሳ ጥናት ግምት ናቸው፣ በሚቀጥለው ወር ይስተካከላሉ፣ በዓመት አንድ ጊዜም ሙሉ በሙሉ ተከልሰው ይወጣሉ። አምና ያያችሁት ቁጥር ዘንድሮ ተቀይሮ ብታገኙት ስህተት ያያችሁ እንዳይመስላችሁ። በ2025 መጨረሻ የፌዴራል መንግሥቱ 43 ቀን ሲዘጋ ሪፖርቶቹም ዘግይተው ነበር፤ በዚያ አካባቢ መስመሩ ቢዛባ አትደነቁ።

ቁጥሩ የማያያቸው የእኛ ሰዎች

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በየሳምንቱ ስንት ሰው ነው የሚሠራው? ሒሳብ የሚይዘው፣ ሕፃናትን አማርኛ የሚያስተምረው፣ ለሐዘንተኛ ቤት ምግብ የምታደርሰው፣ ዕድሩን የሚመራው። አንዳቸውም አይቆጠሩም። በጎ ፈቃደኛ ደመወዝ ስለሌለው መስመሩ ላይ የለም። 1099 በሚባለው የግል ሥራ ተቋራጭ ወረቀት የሚከፈለውም የለም፤ ራሱን እንደቀጠረ ስለሚታይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ተቋም፣ ትንሽ ስለሆነ ወይም ሳያውቅ፣ ሠራተኛውን በ1099 ይከፍላል። ሰዓታችሁን እነሱ ከወሰኑ፣ ሥራውን እንዴት እንደምትሠሩ እነሱ ካዘዙ፣ ዕቃውም የእነሱ ከሆነ ሠራተኛ የመሆን ዕድላችሁ ሰፊ ነው፣ ደብልዩ-2 የሚባለው የተቀጣሪ ደመወዝ ወረቀት ይገባችኋል። በ1099 ስትሆኑ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብሩን ሙሉውን 15.3 በመቶ እናንተ ትከፍላላችሁ፤ በደብልዩ-2 ግማሹን ቀጣሪው ይከፍላል። አለመግባባት ካለ የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት አይአርኤስ እንዲወስን የሚጠየቅበት ኤስኤስ-8 የሚባል ፎርም አለ።

ካህናትና ፓስተሮች ለብቻ ናቸው። ደብልዩ-2 ቢሰጣቸውም ለሶሻል ሴኩሪቲ እንደ ግል ሠራተኛ ስለሚታዩ 15.3ቱን ራሳቸው ይከፍላሉ። በሌላ በኩል የቤት አበል በደንቡ ከተወሰነላቸው ከገቢ ግብር ነጻ ይሆንላቸዋል፤ ከዚያ ከ15.3ቱ ግን አይወጣም። ከኢትዮጵያ በአር-1 ቪዛ ለሚመጡ አገልጋዮችም ደንቡ ግልጽ ነው፦ ቢያንስ ሁለት ዓመት የዚያ ሃይማኖት አባል መሆን፣ ቢያንስ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት፣ ቆይታውም ቢበዛ አምስት ዓመት።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ለዓመታት የሠራ አንድ ወዳጄ ከሥራ ሲቀነስ ለሥራ አጥነት ክፍያ አመለከተ። «ደመወዝህ አልተመዘገበም» የሚል መልስ መጣለት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሦስት ጊዜ አነበበው። «ከደመወዜ ግብር ይቆረጥ አልነበረም እንዴ?» ይለኛል። ይቆረጥ ነበር፤ ግን ሌላው ግብር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ያጠፋው ነገር የለም፤ የሃይማኖት ተቋማት በፌዴራል ሕግ ከሥራ አጥነት መድን ግዴታ ነጻ ናቸው፣ በፈቃዳቸው ካልገቡበት በቀር። ሌሎች 501 ሲ 3 ድርጅቶችም ቢሆኑ የፌዴራሉ ሕግ ግዴታ የሚጥልባቸው ቢያንስ 4 ሠራተኛ በዓመት ውስጥ ለ20 ሳምንት ሲኖራቸው ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሰው ያለበት ትንሽ ድርጅት ስትገቡ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁ አትፈርሙ፦ «ለስቴቱ የሥራ አጥነት መድን ትከፍላላችሁ?» መልሱ «አይ» ከሆነ ሥራውን ተዉት አልልም። የሦስት ወር ወጪ ለብቻ አስቀምጡ እላለሁ፤ የሚደርስላችሁ ሌላ ስለሌለ።

የድርጅቱን ፎርም 990 ክፈቱ

የስቴቱ መስመር አየሩን ይነግራችኋል። የምትገቡበትን ቤት ጣሪያ ግን አያሳያችሁም። ለዚያ ያለው ፎርም 990 ነው፤ ከግብር ነጻ የሆኑ ድርጅቶች በየዓመቱ ለአይአርኤስ የሚያስገቡት፣ በሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሰነድ። ፕሮፐብሊካ የሚባለው የዜና ተቋም «ነንፕሮፊት ኤክስፕሎረር» በሚለው ገጹ ላይ በነጻ ያስቀምጠዋል። የድርጅቱን ስም ጻፉ፣ የቅርቡን ዓመት ክፈቱ።

ፎርሙ ረጅም ስለሆነ ብዙ ሰው ያየዋል ይዘጋዋል። አትዝጉት። የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ብዙ ይናገራል። መስመር 5 ላይ በዓመቱ ስንት ሰው እንደቀጠረ አለ። ያለፉትን ሦስት አራት ዓመታት ከፍታችሁ ይህንኑ መስመር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ 41፣ 44፣ 38፣ 29 እያለ ከሄደ ነገሩን ገባችሁ። መስመር 6 የበጎ ፈቃደኞች ቁጥር ነው። መስመር 15 ለደመወዝና ለጥቅማ ጥቅም የወጣው ገንዘብ ነው። መስመር 19 ከገቢው ላይ ወጪው ሲቀነስ የቀረው ነው፤ ቅንፍ ውስጥ ከሆነ ወይም የመቀነስ ምልክት ካለበት ከስሯል። አንድ ዓመት መክሰር ያጋጥማል፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ግን መጥፎ ምልክት ነው። መስመር 22 ዕዳው ተከፍሎ የሚቀረው ሀብት ነው። የዓመቱን ወጪ መስመር 18 ላይ ታገኙታላችሁ፤ ለ12 አካፍሉትና መስመር 22 ስንት ወር እንደሚያቆየው አስሉት። ከሀብቱ ውስጥ ሕንፃ ወይም ለተለየ ዓላማ የታሰረ ገንዘብ ሊኖር ስለሚችል ያገኛችሁት የወር ብዛት ጣሪያው ነው፤ እውነተኛው ከዚያ ያንሳል።

አሁን ዋናው። ክፍል 8 ውስጥ መስመር 1ኢ የሚባል አለ፤ ከመንግሥት የተገኘ እርዳታ። ያንን ከጠቅላላ ገቢው ጋር አወዳድሩት። ልጅቷ ሥራዋን ካጣች በኋላ፣ ማርች ላይ፣ ያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የድርጅቱን 990 ከፈትነው። ጣቷን 1ኢ ላይ አድርጋ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው፣ ከዚያ ጠቅላላ ገቢውን አነበበች። ከእያንዳንዱ አሥር ብር ዘጠኙ የሚመጣው ከመንግሥት ነበር። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ኦገስት ላይም እዚያው ነበር፤ አላየነውም እንጂ።

የመንግሥት ገንዘብ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ጠቃሚ ሥራ የሚሠራው በእሱ ነው። ነገር ግን ገቢው ከአንድ በር ብቻ ከሆነ ያ በር ሲዘጋ የሚወጣበት የለውም። በ2025 ስደተኛ ማስፈሪያዎቹ ብቻ አይደሉም የተመቱት፤ ዩኤስኤአይዲ በጁላይ 1 ቀን 2025 በይፋ ሲያበቃ በዚያ ገንዘብ የሚኖሩ የዲሲ አካባቢ ድርጅቶችም ሰው አሰናብተዋል። የትኛው ድርጅት ምን ያህል የፌዴራል ገንዘብ እንደተሰጠውና መቼ እንደሚያበቃ ማየት ከፈለጋችሁ ዩኤስኤ ስፔንዲንግ የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉ።

አብያተ ክርስቲያናት 990 የማስገባት ግዴታ የለባቸውም፣ ፈልጋችሁ ብታጡት አትገረሙ። ለእነሱ የሚሆነው ሌላ መንገድ ነው። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠሩ የዓመቱን ገቢና ወጪ ለምእመናን ያነባሉ። አባል ከሆናችሁ ሪፖርቱ ይገባችኋል፤ ካልሆናችሁ ሰበካ ጉባኤውን በአክብሮት ጠይቁ። «አባቶቼ፣ ሥራውን ወድጄዋለሁ፣ ቤተሰብ ስላለኝ ግን የደብሩ አቅም ደመወዙን ለስንት ጊዜ እንደሚችል ብታስረዱኝ» ማለት ድፍረት አይደለም። የሕንፃ ብድር እየከፈለ ያለ ደብር ከሆነ በተለይ ጠይቁ፤ ገቢ ሲቀንስ ባንክ አይታገስም፣ መጀመሪያ የሚታየው የጽሕፈት ቤቱ ደመወዝ ነው።

ኢንተርቪው ላይ

እኛ አገር ልጅ ሆነን የተማርነው ስንጠየቅ መመለስ ነው እንጂ መጠየቅ አይደለም። እዚህ ግን መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉ የምር ነው። በዚህ ዘርፍ የምጠይቀው በመጀመሪያ ይህን ነው፦ «ይህ የሥራ ቦታ የሚከፈለው ከየትኛው ግራንት፣ ከየትኛው የእርዳታ ገንዘብ ነው? መቼ ያበቃል? ካልታደሰ ቦታው ምን ይሆናል?» ጥሩ ድርጅት ይህ ጥያቄ አያስቀይመውም። እንዲያውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጣ ይላሉ። የተድበሰበሰ መልስ ካገኛችሁ እሱም መልስ ነው።

ሁለተኛው ስለ ትርፍ ሰዓት ነው። በዚህ ዘርፍ «ለዓላማው ስንል» እየተባለ ከሰዓት በላይ በነጻ መሥራት የተለመደ ነው። በሰዓት የሚከፈላችሁ ሠራተኛ ከሆናችሁ፣ የተቀጠራችሁበትን ያንኑ ሥራ ለዚያው ድርጅት «በበጎ ፈቃድ» ልትሠሩ ሕጉ አይፈቅድም፤ ሰዓቱ ሊከፈላችሁ ይገባል። ኬዝ ወርከር፣ የቤተሰቦችን ጉዳይ የምትከታተሉ ሠራተኛ፣ ሆናችሁ ቅዳሜ በነጻ ቤተሰብ ከኤርፖርት እንድትቀበሉ ከተጠየቃችሁ፣ ያ የሥራ ሰዓት ነው።

የተማሪ ብድር ላለባችሁ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለ። 501 ሲ 3 ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት እየሠራችሁ ብቁ የሆኑ 120 ክፍያዎች ከከፈላችሁ፣ የፌዴራል ብድራችሁ ቀሪው ሊሰረዝላችሁ ይችላል። የሙያ ማኅበራትና የንግድ ምክር ቤቶች ግን ብዙዎቹ 501 ሲ 6 የሚባል ሌላ የግብር ዓይነት ናቸው፣ ለዚህ አይቆጠሩም። ይህን ሳያውቅ ስንት ዓመት የሚቆጥር ሰው አለ! ከመፈረማችሁ በፊት የድርጅቱን የግብር መለያ ቁጥር ወስዳችሁ የተማሪ ብድር ድረ ገጹ ላይ አረጋግጡ።

መቼ ማመልከት እንዳለባችሁም ከገንዘቡ ጋር ይሄዳል። የቨርጂኒያ በጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል፣ የፌዴራሉ ኦክቶበር 1። ግራንት ሲፈቀድ ማስታወቂያ ይወጣልና ጁንና ሴፕቴምበር ላይ ነቅታችሁ ጠብቁ። አይዲያሊስት የሚባለው ድረ ገጽ ለዚህ ዘርፍ ጥሩ ነው። በጎ ፈቃድ እየሠራችሁ ከሆነ ደግሞ የሠራችሁትን በቁጥር ያዙ፤ ስንት ልጅ አስተማራችሁ፣ ስንት ሺህ ዶላር መዋጮ በእጃችሁ አለፈ፣ ስንት ደብዳቤ ተረጎማችሁ። የስቴቱ ቆጠራ ባያያችሁም ሬዙሜያችሁ ላይ ይታያል።

ከገባችሁ በኋላም

በዓመት አንድ ጊዜ፣ እኔ ግብር ስሠራ ነው የማደርገው፣ የድርጅታችሁን አዲስ 990 ክፈቱና መስመር 5ን፣ መስመር 19ንና 1ኢን እዩ። የስቴታችሁን መስመር በየሦስት ወሩ ማየት ይበቃል፤ በየወሩ ያየ ሰው ያለ ምክንያት ይጨነቃል። 100 ሰውና ከዚያ በላይ የሚቀጥር ድርጅት በጅምላ ሊያሰናብት ሲል በፌዴራል ሕግ ከ60 ቀን በፊት ማስታወቅ አለበት፣ ለትርፍ ያልቆመ ቢሆንም። ዋርን ኖቲስ ይሉታል። የቨርጂኒያ የሥራ መሥሪያ ቤት እነዚህን ማስታወቂያዎች ድረ ገጹ ላይ ይዘረዝራቸዋል፤ የድርጅታችሁን ብቻ ሳይሆን በተመሳሳይ ገንዘብ የሚኖሩትን ስም ፈልጉ። ጎረቤታችሁ ከተመታ ዝናቡ ወደ እናንተ እየመጣ ሊሆን ይችላል።

ልጅቷ አሁን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሌላ ማኅበር ጋ ትሠራለች። ደመወዟ ከአባላት መዋጮ ነው የሚመጣው። ከመፈረሟ በፊት የአራት ዓመት 990 አውጥታ፣ መስመር 5ን በእስክሪብቶ አስምራ፣ ኢንተርቪው ላይ ወረቀቱን ይዛ ገባች። ኃላፊዋ ወረቀቱን አይታ «በ2021 ለምን እንደቀነስን ልንገርሽ» ብላ ጀመረችላት።